ዝናብን የሚነዳው የትኛው ነፋስ ነው? የነፋስ ቀጣናዎችና የላፍቶ ሰማይ

በክረምት ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባው ላፍቶ፣ ከጀሞ ወይም ከለቡ ሆኖ ሰማዩን በጥሞና ያየ ሰው እርስ በርሱ የሚቃረን የሚመስል ነገር ያስተውላል። መሬት ላይ ያለው ነፋስ ብዙ ጊዜ ከደቡብና ከምዕራብ ይነፍሳል፤ የነጎድጓዱ ደመና አናት ግን ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ይታያል። እርጥበቱን የሚያመጣውና ደመናውን የሚነዳው ነፋስ የተለያዩ ናቸው፤ የአዲስ አበባን ዝናብ ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይገባል እላለሁ።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ሃድሊ እ.ኤ.አ. በ1735 እንዳስረዳው፣ በምድር ወገብ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ሊተካው ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጣው አየር በምድር መሽከርከር ምክንያት ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ስለዚህ እስከ 30 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ምስራቃዊ ነፋስ ያይላል፤ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ደግሞ ምዕራባዊው። የለንደን ዝናብ ከአትላንቲክ የሚመጣውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ በምስራቃዊው ቀጣና ውስጥ ናት።

ክረምት ሲገባ የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት መገናኛ ቀጣና ወደ ሰሜን ይሻገራል፤ ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየርም ወደ ደጋችን ይወጣል። ከበላዩ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከቲቤት አምባ መሞቅ ጋር የሚፈጠረው ፈጣን ምስራቃዊ ጄት ነፋስ አለ። ይህ ጄት ሲጠነክር የሚወጣው አየር ከአናቱ በቀላሉ ስለሚበተን ዝናቡ ይበረታል። ኤልኒኖ ሲከሰት ጄቱ ይዳከማል፣ ዝናቡም ይቀንሳል፤ ኤልኒኖ በነበረበት እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምት በሰሜንና በምስራቅ ኢትዮጵያ የደረሰው ድርቅ የቅርብ ትዝታችን ነው።

በደጋችን የሚወለዱ ነጎድጓዳማ ደመናዎች በምስራቃዊው ነፋስ ተገፍተው ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሳህል ይጓዛሉ። ከዚሁ አካባቢ ከሚነሱት የአየር ሞገዶች አንዳንዶቹ አትላንቲክን ሲያቋርጡ ሃሪኬን የሚባሉ አውሎ ነፋሶች ይሆናሉ። ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ታጥፈው ከ30 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፉ ምዕራባዊው ነፋስ ይቀበላቸውና ጉዟቸውን ወደ ሰሜን ምስራቅ ያዞረዋል። አንድ ማዕበል በሁለት ኬክሮስ ሁለት ነጂ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በልግ ሌላ ነው። የሰሜኑ ምዕራባዊ ጄት አልፎ አልፎ ወደ ደቡብ ይጎነብሳል፤ በሜዲትራኒያን የሚያልፈው ዝቅተኛ ግፊት ጫፉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሕንድ ውቅያኖስ የገባው እርጥበት ዝናብ ይሆናል። በልግን መተንበይ የሚያስቸግረው የሁለት ቀጣና ነፋሳት ስለሚጋጠሙበት ይመስለኛል።

በጋውን ከሰሜን ምስራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ይገዛዋል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያዎችም ከምስራቅ ሰሜን ምስራቅ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፤ አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ስለሚያርፍ፣ ምስራቃዊው ሲያይል የሚያርፈው አውሮፕላን በላፍቶ በኩል ዝቅ ብሎ ይመጣል።

ደመናው የሚነዳበት አቅጣጫ ለጎርፍም ወሳኝ ነው፤ ትንሹ አቃቂ ወንዝ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲያልፍ የሚሞላው ከከተማዋ ሰሜንና ምዕራብ በሚወርደው ዝናብ ጭምር ነው። በወንዙ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች የሚሰጥ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የዝናቡን መጠን ብቻ ቢናገር አይበቃም፤ ደመናው በየትኛው ከፍታ ነፋስ፣ ወዴት እየተነዳ እንደሆነ አብሮ ይናገር።