ስንቅ ያልተቋጠረለት ምርምር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ጉማራን ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ ሁለት ይሆናል። አንደኛው ርብን ዐልፎ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር በኩል ጋይንት ይወጣል። ከታች በሜዳው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል፤ ከላይ በደጋው ቤተልሔም አለ፣ ድጓ የሚመሰከርበት ስመ ጥር ጉባኤ ቤት። የሩዝ ማሳንና የያሬድን ዜማ ምን አገናኛቸው ይባል ይሆናል። የሚያገናኛቸው አንድ የቆየ ጥያቄ ነው፤ ዕውቀት ፍለጋ ከቤቱ የወጣ ሰው የት ይደር? ማንስ ያብላው? ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ለጀማሪ ተመራማሪዎች ምን ያህል በጀት ይመድቡ ብለን ስንከራከር፣ ይህ አካባቢ ጥያቄውን ለዘመናት ሲመልስ እንደኖረ እንዘነጋለን። መልሱም ግልጽ ነው፤ ማደሪያና ስንቅ የዕውቀት ሥራ አንድ አካል ናቸው፤ ሲጓደሉ ዕውቀቱም ይጓደላል።

የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከትውልድ ቀዬው ይርቃል። ከየኔታ ደጅ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ዓመታትን ይቀመጣል። ቀለቡ ከመንደሩ ይመጣል፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚቀበለው ቁራሽ ደርቆ ለሌላ ቀን ይቀመጣል። የመምህሩና የአገልጋዮቹ መተዳደሪያ ደግሞ የደብሩ መሬት ነበር፤ ነገሥታቱ ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጡት ጉልትና ሪም ሊቃውንቱን ከነቤተሰባቸው ያኖር ነበር። ይህ አደረጃጀት የሰነፍ ልመና ተደርጎ መታየት የለበትም። ገበሬው ከሌማቱ ቆርሶ፣ ደብሩ ከመሬቱ ከፍሎ የሚያቆሙት የትምህርት በጀት ነበር።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በቃል መያዝ ነው፣ ከምርምር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል። ለድጓው ተቃውሞው በከፊል ያስኬዳል፤ ዜማውን ሳያዛንፉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ማድረስ የጥናቱ ዋና ግብ ነውና። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ሰው ቅኔ ደግሞ አያልፍም፤ የራሱን አዲስ ማምጣት አለበት። ስለዚህ ከጓደኞቹ ተለይቶ በየዛፉ ጥላ፣ በየገደሉ ጥግ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ከዚያ ተመልሶ ከመምህሩ ፊት ይቆማል፤ የግእዙ አገባብ ይመረመራል፣ ሰምና ወርቁ ይፈተሻል፣ የተሳተው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ብቻ ማሰብ፣ በጋራ መፈተን፣ በማግስቱ አሻሽሎ መመለስ፤ ዛሬ ከጥሩ ዐውደ ጥናት የምንጠብቀው ይህንኑ አይደለም? ይህ ሁሉ ደግሞ ተማሪዎቹ አብረው ስለሚያድሩ የሚቻል ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ለአራሹ ሲሰጥ፣ የደብሮቹ ጉልትና ሪምም አብሮ ቀረ። ለገበሬው የተገባ ፍትሕ ነበር፤ ለጉባኤ ቤቱ ግን የጠፋውን መተዳደሪያ የሚተካ አልተበጀለትም። ያው ለውጥ በፎገራ ሜዳ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ወለደ፤ በ1970ዎቹም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ሩዝ አስተዋወቁ። ሜዳው በክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው የሚተኙበት፣ ለብዙ ሰብል የማይመች ውሃ አዘል መሬት ነው። ሩዙ ግን ተስማማው። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተቀዳ ሜዳውን አለበሰው፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፣ ገለባው ለፎገራ ከብት መኖ ሆነ።

ታዲያ ሩዙን ያስፋፋው ገበሬው ከሆነ፣ ተመራማሪን ቀልቦ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ገበሬው ማስፋፋቱ እውነት ነው፤ ያስፋፋውም እዚያው ከማሳው ጋር ስለሚኖር ነው። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ አገር ሩዙ ሲያብብ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ዛላው ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ኤክስ ጅግና ተመራጭ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ብርዱን መቻሉ ነው። ይህንን የሚያየው በአበባው ወቅት እዚያ ያደረ ሰው ነው። ያልተሟላውም ጎን አለ፤ የዝርያው ስም የጅግናን ስም ይዟል እንጂ የዘሩን የትውልድ ሐረግ አይናገርም፤ ለብዙ ዓመታትም ሜዳው በዚሁ በአንድ ዝርያ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ። መዝግቦ፣ አነጻጽሮ፣ አዳቅሎ አማራጭ ማቅረብ የተመራማሪ ድርሻ ነው። የአዴት ምርምር ማዕከል ሥራውን ያዘ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው ማዕከል በወረታ ተቋቋመ። ዛሬ ሻጋና ዋንዛዬ የተባሉ ዝርያዎች የአካባቢውን ስም ተሸክመው ከኤክስ ጅግና ጎን ቆመዋል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሥራው አጠገብ እያደሩ የመማርን መንገድ አያውቁትም ማለት አይቻልም። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የነርስና የአካባቢ ጤና ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ፣ ከሕዝቡ መካከል እየኖሩ እንዲማሩ አድርጓል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ባሕር ዳርና ጎንደር የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተለይተዋል፤ ወረታም በሁለቱ መካከል ናት። ገንዘብ የለም የሚለው መከራከሪያ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የሁለት ቀን የሆቴል ስብሰባ አዳራሽና የውሎ አበል የሚወስደው ገንዘብ ጥቂት ወጣቶችን በማሳ አጠገብ ለሳምንታት ሊቀልብ ይችላል። በኢንተርኔት መገናኘት ይበቃል ለሚሉም፣ ኢንተርኔት ጽሑፉን ያደርሳል፣ የአበባውን ሌሊት ግን አያሳይም።

ወጪው በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ መንጠልጠልም የለበትም። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አሠሩ፤ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያርፉ የባለሙያዎቹም ሥራ አብሮ አበቃ። በገበሬው ቁራሽ የቆመው ጉባኤ ቤት ግን ዛሬም አለ። ሆኖም የቆየው ሁሉ አይወረስም፤ ጉባኤ ቤቱ በአብዛኛው የወንዶች ነበር። አዲሱ ማደሪያ ሴት ተመራማሪዋን፣ ልጅ የያዘችውንም ጭምር፣ በክብር ማስተናገድ አለበት።

እንግዲህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ሴኔቶችና የበጀት ኃላፊዎች ለጀማሪ ተመራማሪዎች ማደሪያና ስንቅ ቋሚ የበጀት ርእስ ይክፈቱ። ተመራማሪዎቹ ከዘር እስከ አጨዳ ባሉት ወራት በሜዳው ይሰንብቱ፤ ቀን ማሳ ይዋሉ፣ ማታ አንዱ የሌላውን ሥራ ይፈትን፣ ገበሬውም ከመምህራኑ አንዱ ሆኖ ይቀመጥ። ድሃው ገበሬ ከማዕዱ ቆርሶ ሊቅ ባፈራበት አገር፣ ዩኒቨርሲቲ ለተመራማሪው ስንቅ መቋጠር አያቅተውም።