ምሳሌና ማላገጥ

ወጣቶች ሆይ፤ «መሰለ» ከሚለው ከአንዱ ግስ ስንት ልጆች እንደ ተወለዱ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? ምስል ከእርሱ ይወጣል፤ ምሳሌም ከእርሱ ይወጣል፤ አስመሳይም ከዚያው ቤት ነው። አባቱን በመልካም ሥራ የመሰለ ልጅ ይመሰገናል፤ ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ ግን አስመሳይ ተብሎ ይነቀፋል። «ቀዳ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጽሑፍም ከመጽሐፍ ይቀዳል፤ በፈተና ከጎረቤቱ ወረቀት የሚሰርቀውን ተማሪ ግን ኮረጀ እንለዋለን።

የመሳቂያ ቃላትም አንድ ዓይነት አይደሉም። ተረብ በእኩዮች መካከል ነው፤ የተተረበው መልሶ ይተርባል፤ ሁለቱም ስቀው ይለያያሉ። አሽሙር ስም ሳይጠራ በጎን ይወጋል። ማላገጥ ግን መልስ የማይሰጥ ሰው ሲያገኝ ይበረታል።

በማን ላይ መሳቅ እንደሚገባ የሚያስተምር ታሪክ ከእኛው ከጨርጨር አገር አለ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በነገሡት በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ፤ ይህም የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ሆኖ ይቆጠራል። ተረቶቹን የቀዱት ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ነው፤ ላ ፎንቴንም በ17ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ ከግሪካዊው ከኤሶፕ ቀድቶ ነበር። መቅዳት ሁሉ ነውር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባፈሩ ነበር፤ ነገር ግን የቀዱትን ለየአገራቸው እንዲስማማ አድርገው አበጁት።

በተውኔቱ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚነቀፈው ግን የዘመኑ አስተዳደር ብልሹነት ነበር። ይህማ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዱላው የት እንዳረፈ ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው አውቀውታል፤ ባያውቁት ኖሮ ተውኔቱ እንዳይታይ ባልታገደም ነበር። የተሳቀው መልስ መስጠትም ማገድም በሚችል ኃይለኛ ላይ ነው።

ኋላም ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ዛሬ ጭሮ የምንላት አሰበ ተፈሪ በእርሳቸው እጅ ተቆረቆረች፤ አገሩም ለሌላው አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። አስተዳደርን በምሳሌ ነቀፉ፤ ከዚያም የነቀፉትን ለማቅናት ራሳቸው እጃቸውን አስገቡ።

እኔ በልጅነቴ ያሾፍሁት ግን እንዲህ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር አፉን በኦሮምኛ የፈታ አንድ ልጅ ከገጠር መጥቶ ከክፍላችን ገባ። አማርኛው ገና አልተቃናለትምና «እናቴ መጣ» ይል ነበር። እኔም በዕረፍት ሰዓት ድምፁን እየቀዳሁ ጓደኞቼን አስቃቸው ነበር። ልጁ ለብዙ ሳምንት በክፍል ውስጥ እጁን አላወጣም፤ ምክንያቱ እኔ መሆኔን ግን አላስተዋልሁም።

አንድ ቀን መምህራችን ሰሙኝ። አልመቱኝም፤ ልጁን ጠርተው «እስቲ አንድ የኦሮምኛ ቃል አስተምረው» አሉት። ልጁም «ዹጋ» አለ፤ እውነት ማለት ነው። እኔ «ዱጋ» አልሁ። ደግሜ ሞከርሁ፤ እንደገና «ዱጋ» ሆነብኝ። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ ልጁ ብቻ አልሳቀም። «ቀስ ብለህ፤ ምላስህን ወደ ላይ አጠፍ አድርገው» ብሎ አሳየኝ። በእኔ ላይ ሊያላግጥ ሲችል አስተማረኝ።

በዓመቱ ያ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የእኔ ፌዝ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ እፈራለሁ። ይቅርታም አልጠየቅሁትም። ኋላ እኔ መምህር ሆኜ ተማሪዎች በአንዱ ባልንጀራቸው አነጋገር ሲስቁ በሰማሁ ቁጥር፣ «ዹጋ» ብዬ በሰሌዳ ላይ እጽፍና ያልቻልሁትን ታሪክ እነግራቸው ነበር።

ዛሬ በመቻራ ልጆች በኦሮምኛ ይማራሉ። አሁን ደግሞ የሚላገጥበት አፉን በአማርኛ የፈታው ልጅ ሊሆን ይችላል። ተሳላቂውና የሚሳለቁበት ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ጥፋቱ ያው ነው፤ የትናንቱም በደል ለዛሬው ፌዝ ፈቃድ አይሆንም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ የሰውን ድምፅ ልትቀዱ አፋችሁን ስትከፍቱ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ ይህ ሰው መልስ ሊሰጠኝ ይችላልን? እኔስ የነቀፍሁትን ለማቅናት እጄን ለመስጠት ተዘጋጅቻለሁን? ሁለቱንም አዎን ብላችሁ ከመለሳችሁ ፌዛችሁ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ግን ዝም በሉ፤ ወይም ያ ልጅ እንዳደረገው ቀስ ብላችሁ አስተምሩ።