በስንብት ዕለት የሚፈረም ክልከላ፦ የማሳቹሴትስ ሕግ የተወው ክፍተት

የአሜሪካው ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች ላይ ተፈጻሚ በሆነው ሕጉ፣ ሠራተኛ ከድርጅቱ ከወጣ በኋላ ለተፎካካሪ እንዳይሠራ የሚያግዱ ውሎችን ጠበቅ ባለ ገደብ አጥሯቸዋል። የክልከላው ጊዜ በመርህ ደረጃ ከ12 ወር አያልፍም። አሠሪው በክልከላው ዘመን ቢያንስ የመሠረታዊ ደመወዙን ግማሽ ይከፍላል፤ አለዚያም የተስማሙበትን ሌላ ጥቅም ይሰጣል። ከሁሉም የሚልቀው ግን፣ ያለጥፋቱ በተሰናበተ ወይም በቅነሳ በወጣ ሠራተኛ ላይ ክልከላው የማይጸና መሆኑ ነው።

ያው ሕግ በትርጉም ክፍሉ ይህን ጥበቃ መልሶ ያላላዋል። ክልከላው የተገባው ከሥራ መሰናበትን ተከትሎ ከሆነና ሠራተኛው ፈርሞ ሐሳቡን የሚቀይርበት ሰባት የሥራ ቀን በግልጽ ከተሰጠው፣ ውሉ ከነጭራሹ በሕጉ አይገዛም። ስለዚህ በቅጥር ዕለት ያስፈረመውን ክልከላ በቀነሰው ሠራተኛ ላይ ማስፈጸም የማይችል አሠሪ፣ ያንኑ ክልከላ በስንብት ዕለት እንደ አዲስ ማስፈረም ይችላል። የ12 ወሩ ጣሪያም የግማሽ ደመወዙ ግዴታም አይነካውም። የሚቀረው ፍርድ ቤቶች ክልከላው በጊዜ፣ በቦታና በሥራ ዓይነት ምክንያታዊ መሆኑን የሚመዝኑበት የቆየ መለኪያ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢን አንድ ነገር ግር ሊለው ይችላል፦ ሠራተኛው ለምን ይፈርማል? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስንብት ክፍያ፣ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሲሟሉ ሠራተኛው የሚጠይቀው መብት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን የግል አሠሪን እንዲህ ያለ ክፍያ በጥቅሉ አያስገድድም፤ ስለዚህ ገንዘቡ መደራደሪያ ይሆናል። የስንብት ደብዳቤው የጥቂት ሳምንታት ደመወዝ ያቀርብና በምላሹ ክስ ላለማቅረብ መስማማትን፣ ዝቅ ብሎም ያለመወዳደር ግዴታን ይጠይቃል። የተቀባዩ ደመወዝ ቆሟል። በአሠሪው በኩል የነበረውን የጤና መድን ለማስቀጠል ከፈለገም የአሠሪውን ድርሻ ጨምሮ እስከ 102 በመቶ የሚደርስ ዓረቦን ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። ሰባት ቀን ውሉን አንብቦ ጠበቃ ለማማከር ይበቃ ይሆናል፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም።

በስንብት ዕለት የመዋዋል ነፃነት ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። ጠበቃ ይዞ የሚደራደር ከፍተኛ ሥራ አስኪያጅ ለአንድ ዓመት ከገበያው ለመራቅ ዳጎስ ያለ ዋጋ ቢቀበል፣ ሕግ ጣልቃ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። ችግሩ ሕጉ ይህንን ሰው በሁለት ሳምንት ደመወዝ ከሚሰናበት የሽያጭ ሠራተኛ አለመለየቱ ነው፤ ለክፍያው ዝቅተኛ መጠን አላስቀመጠም።

ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ የተሻለ መንገድ አሳይቷል፤ በቅነሳ የወጣን ሠራተኛ ማገድ የሚፈልግ አሠሪ፣ ለእገዳው ጊዜ መሠረታዊ ደመወዙን፣ ሠራተኛው ሌላ ቦታ የሚያገኘው ተቀንሶ፣ እንዲከፍል አስገደደ። ከፌዴራል መንግሥት የሚጠበቅ ብዙ የለም፤ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ2024 ያወጣውን አጠቃላይ ክልከላ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሽሮታል፤ ኮሚሽኑም በ2025 ይግባኙን ትቷል። ማሳቹሴትስ ሰባቱን ቀን እንዳለ ትቶ፣ የግማሽ ደመወዝ ግዴታውን በስንብት ዕለት ለሚፈረመውም ክልከላ ቢያደርገው፣ አሠሪው ክልከላውን የሚጠይቀው በእርግጥ ሲያስፈልገው ብቻ ይሆናል።