የስም ቀዬ፦ ኮምፓይለር ሁለት ፒያሳ ሲገጥመው

ጎንደር ላይ «ፒያሳ እንገናኝ» ያለ ሰው «የትኛው ፒያሳ?» ተብሎ አይጠየቅም። አዲስ አበባም እንደዚያው ነው። ስሙ አንድ፣ ሰፈሩ ሁለት ነው፤ ሆኖም ማንም አይምታታበትም፤ ሰሚው ስሙን የሚሰማው የቆመበትን ከተማ ይዞ ነውና። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱንም ከተማ የሚመላለስ ወዳጅ ደውሎ «ፒያሳ ነኝ» ሲል ነው። ያኔ «የጎንደሩ ነው የአዲስ አበባው?» ማለት ግድ ይሆናል።

ፕሮግራመሮች «ኔምስፔስ» የሚሉት ይህንን ከተማ ነው፤ አንድ ስም ከአንድ በላይ ባለቤት እንዳይኖረው የሚጠበቅበት ወሰን። ከወሰኑ ማዶ ያው ስም ሌላ ነገር ቢጠራበት ጠብ የለም። በአማርኛ «የስም ቀዬ» እንበለው ባይ ነኝ።

ቃል በቃል «የስም ቦታ» ማለት ይቻል ነበር። ግን ፎርም ሞልቶ የሚያውቅ ሰው «የስም ቦታ» ሲባል የሚታየው «ስም» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ባዶ መስመር ነው። «የስም ክልል» በትርጉም ይቀርባል፤ ሆኖም «ክልል» ዛሬ ብዙ ሸክም ተሸክሞ የሚዞር ቃል ስለሆነ ኮድ ውስጥ ባላስገባው እመርጣለሁ። ቀዬ ይሻላል። ሰው በቀዬው በስሙ ብቻ ይጠራል፤ ከቀዬው ሲወጣ ነው የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ የሚጠየቀው። ቀዬው ተጠቅሶ የሚጻፈውን ስም ደግሞ «ባለቀዬ ስም» ማለት እንችላለን፤ ዴታ.ማፕ.ሉክአፕ እንደሚባለው። እኛ ከራሳችን ስም ጀምረን ወደ አባትና አያት እንሄዳለን፤ እዚህ አያት ይቀድማል።

ቃሉን በሥራ ላይ ለማየት ሃስኬልን እንውሰድ። በአሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ በሃስኬል ከሪ ስም የተሰየመ፣ የመጀመሪያው መግለጫ ሰነዱ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ፈንክሽናል፣ ማለትም ፕሮግራምን በፈንክሽን የሚገነባ፣ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በሃስኬል ስሞች በስድስት ይከፈላሉ፦ የተለዋዋጭ፣ የኮንስትራክተር፣ የዓይነት (ታይፕ) ተለዋዋጭ፣ የዓይነት፣ የክላስ (የዓይነቶች ቡድን) እና የሞጁል (የኮድ ማሰባሰቢያ)። ሁለቱ ተለዋዋጮች በትንሽ ፊደል ወይም በታች ሰረዝ ይጀምራሉ፤ የቀሩት አራቱ በትልቅ ፊደል። ይቺ የፊደል ሕግ ለውበት የተጨመረች እንዳትመስላችሁ፤ ብዙው ሥራ የሚሠራው በእሷ ነው።

አንድ መስመር ልጻፍ፦

ዴታ ፐርሰን = ፐርሰን ስትሪንግ ኢንት

ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ያለው «ፐርሰን» የዓይነት ስም ነው፤ በስተቀኝ ያለው ደግሞ ኮንስትራክተር፣ ማለትም ስምና ዕድሜ ተቀብሎ አንድ ሰው ሠርቶ የሚሰጥ ነገር ነው። ስማቸው በፊደል አንድ፣ በቀዬ ሁለት ነው። ሃስኬል የሚጽፍ ሰው ይህን በየቀኑ ያደርገዋል፤ ምንም ግጭት የለም። (ይህን መስመር በግዕዝ ፊደል ስገለብጠው አንድ ነገር ጠፍቶበታል። በኋላ እመለስበታለሁ።)

ታዲያ የኮዱ ተንታኝ፣ ማለትም ጽሑፉን ቆራርጦ መዋቅሩን የሚያወጣው የኮምፓይለሩ ክፍል፣ «ፐርሰን» የሚል ስም ሲያገኝ የትኛው መሆኑን እንዴት ያውቃል? ማንነቱን አያውቅም። ማወቅም አይጠበቅበትም። የእሱ ሥራ ስሙ ላይ የቀዬውን ማኅተም መምታት ብቻ ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ያያል፤ የመጀመሪያውን ፊደልና ስሙ የተቀመጠበትን ስፍራ። የእሴትን ዓይነት ከሚያመለክተው «::» ቀጥሎ ከመጣ የዓይነት ቀዬ ነው፤ ከእኩል ምልክት ቀጥሎ ባለ ስሌት ውስጥ ከመጣ የእሴት ቀዬ ነው። ጂኤችሲ የተባለው ዋነኛው የሃስኬል ኮምፓይለር ከሚመታቸው ማኅተሞች ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ተለዋዋጭ፣ ኮንስትራክተር፣ የዓይነት ተለዋዋጭ፣ እንዲሁም ዓይነትና ክላስ በአንድ ላይ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ቀዬ ስለሚጋሩ በአንድ ስም ሊጠሩ አይችሉም።

ማኅተም የተመታበት ስም ወደ ቀጣዩ የኮምፓይለሩ ክፍል፣ ወደ ስም አጣሪው፣ ያልፋል። «የትኛው ፒያሳ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እዚያ ነው። ሉክአፕ የሚባል ፈንክሽን ከሃስኬል ጋር አብሮ በሚመጣው መደበኛ ሞጁል፣ በፕሪሉድ፣ አለ፤ ዴታ.ማፕ በሚባለው ሞጁልም አለ። ሁለቱንም አስገብታችሁ ሉክአፕ ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ተንታኙ ቅር ሳይለው ያሳልፈዋል፤ «ስሙ አሻሚ ነው» ብሎ የሚመልሳችሁ ስም አጣሪው ነው። ለዚህ ነው ልማዱ ዴታ.ማፕን «ኤም» የሚል አጭር ቀዬ ሰጥቶ ኤም.ሉክአፕ እያሉ መጥራት የሆነው።

እስካሁን ሲታይ ሥርዓቱ የጠራ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደዚያ አይደለም። ከላይ ወዳለው መስመር ተመለሱ። ተንታኙ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ ያለው «ፐርሰን» ላይ ሲደርስ ኮንስትራክተር ይሁን ወይም ወደፊት ከሚመጣ ኦፕሬተር በስተግራ የተቀመጠ ዓይነት ይሁን ገና አላየም፤ ሃስኬል ኮንስትራክተርን በሁለት ዓይነቶች መካከል በምልክት መጻፍን ይፈቅዳልና። ስለዚህ ጂኤችሲ ሁሉንም መጀመሪያ እንደ ዓይነት ያነበዋል፤ መስመሩን ጨርሶ ሲረዳ ዞሮ የዓይነቱን ማኅተም ፍቆ የኮንስትራክተር ያደርገዋል። ይህን የሚሠራው ፈንክሽን ላይ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ዘግናኝ መሆኑን በማስታወሻ አስፍረዋል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ አንባቢ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ «ገና» የሚለውን ቃል በዓል ነው ወይስ «ገና ነው» ብለን የምንለየው ዓረፍተ ነገሩን ስንጨርስ አይደል?

ነጥቧ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። በሃስኬል ነጥብ ሁለት ሥራ አላት፤ ቀዬን ከስም ትለያለች፣ ሁለት ፈንክሽንም ታገናኛለች። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ጀስት የሚባለውን ኮንስትራክተር ሌንግዝ ከሚባለው ፈንክሽን ጋር ላገናኝ ብዬ ያለ ክፍተት «ጀስት.ሌንግዝ» ጻፍኩ። ኮምፓይለሩ «ጀስት የሚባል ሞጁል አላስገባህም» አለኝ። ሞጁል ማን አነሳ? ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ነገሩ ይህ ነበር፦ ከነጥቡ በፊት ያለው ስም በትልቅ ፊደል ከጀመረና ክፍተት ከሌለ ተንታኙ ሦስቱን ቁራጭ አንድ አድርጎ ባለቀዬ ስም ነው ይላል። በትንሽ ፊደል ቢጀምር ኖሮ ሦስት ቁራጭ ሆኖ ይነበብ ነበር። መድኃኒቱ በነጥቡ ግራና ቀኝ ክፍተት መተው ነው፤ ያኔ ማገናኛ ሆና ትነበባለች።

ሁሉም ፈንክሽናል ቋንቋ በዚህ መንገድ አይሄድም። በሊስፕ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ስኪም የሚባለው ለፈንክሽንም ለተለዋዋጭም አንድ ቀዬ ብቻ አለው፤ ተለዋዋጫችሁን «ሊስት» ካላችሁት በዚያው አካባቢ ሊስት የሚባለው ፈንክሽን ይሸፈናል። ኮመን ሊስፕ ሁለቱን ለያይቶ ያኖራል። ሪቻርድ ጋብርኤልና ኬንት ፒትማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ይህንን ልዩነት ሊስፕ-1 እና ሊስፕ-2 ብለው ሰየሙት፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔ ለአንባቢ የሚቀልለው ባለሁለት ቀዬው ነው እላለሁ፤ የማይስማሙኝ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ጠፋው ነገር። ከላይ የጻፍኩት መስመር በግዕዝ ፊደል ሲሆን ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ የእኛ ፊደል አያውቀውምና። ግዕዝ ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መስፈርት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው 3.0 እትም ጀምሮ አለ፤ ጂኤችሲም ስምን በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ነገር ግን ትልቅም ትንሽም ያልሆነን ፊደል ሁሉ፣ የቻይናውን፣ የዐረቡን፣ የዕብራይስጡን ጨምሮ፣ እንደ ትንሽ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ድምር» የሚባል ተለዋዋጭ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ይሠራል። «ዕድሜ» የሚባል ፈንክሽንም እንዲሁ። «ሰው» የሚባል ዓይነት ላውጅ ካላችሁ ግን ተንታኙ «ሰው»ን የዓይነት ተለዋዋጭ አድርጎ ያነበውና የአዋጁ ራስ ተበላሽቷል ይላችኋል። መውጫው ከፊቱ አንድ የላቲን ትልቅ ፊደል መለጠፍ ነው።

የስም ቀዬ በፊደል ቅርጽ ሲታጠር ቅርጹ የሌለው ሕዝብ ግማሹን ቀዬ ያጣል። በቁልፍ ቃል የሚለዩ ቋንቋዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ በአማርኛ የሚጻፍ ፈንክሽናል ቋንቋ የሚሠራ ሰው ካለ ከእነሱ ይማር። በሃስኬል ግን ሥርዓተ ነጥባችን ከፊደላችን የተሻለ ዕድል ገጥሞታል፤ ዩኒኮድ «።»ን ከሥርዓተ ነጥብ ስለመደበው አራት ነጥብ የኦፕሬተር ስም መሆን ይችላል፤ «ሰው» ዓይነት መሆን አይችልም።