እስክንድርያ፤ የመብራትና የመጻሕፍት ወደብ

የኢትዮጵያን ታሪክ የተማረ ሰው ሁሉ የእስክንድርያን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተሾሙት በእርስዋ ነው፤ ጳጳሶቻችንም ለ1,600 ዓመታት ያህል የተላኩልን ከእርስዋ መንበር ነው። ይሁን እንጂ ከተማይቱን ማን እንደ ቈረቈራት፣ በምን እንደ ከበረች፣ ዛሬስ እንግዳ ቢሄድ ምን ሊያይ እንደሚችል ብንጠየቅ ከመካከላችን አጥርቶ የሚመልስ ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች፣ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ ስለዚህች ከተማ የተማርነውን ለአንባቢዎች ለማካፈል አሰብን። በጽሑፋችንም መጨረሻ አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም እስክንድርያ ለኢትዮጵያ እናት ነበረች ወይስ እመቤት? የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

እስክንድርያን የቈረቈራት የመቄዶንያ ንጉሥ ታላቁ እስክንድር ሲሆን ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 331 ዓመት ነው። በቦታው ራቆቲስ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ሠራተኞቹ የመንገዱንና የቅጥሩን መስመር በምድር ላይ ሊያሠምሩ ቢፈልጉ ነጭ አፈር ስላላገኙ በገብስ ዱቄት አሠመሩት፤ ወዲያውም ወፎች እንደ ደመና መጥተው ዱቄቱን ለቅመው ጨረሱት፤ ንጉሡም በዚህ ደነገጠ፤ ጠቢባኑ ግን ይህች ከተማ ብዙ ሕዝብ የምትመግብ ትሆናለች ብለው አጽናኑት ተብሎ ይተረካል።

ይህ ተረት ሊሆን ይችላል፤ የቦታው አመራረጥ ግን ተረት አይደለም። ከተማይቱ በሰሜን በሜዲቴራኒያን ባሕር፣ በደቡብ በማርዩት ሐይቅ መካከል ትገኛለች። የዓባይ ወንዝ ወደ ባሕር የሚያፈሰውን ደለል የባሕሩ ሞገድ ወደ ምሥራቅ ስለሚወስደው፣ ከወንዙ አፎች በስተ ምዕራብ ያለችው እስክንድርያ ወደቧ በደለል ሳይደፈን ኖሯል። ይህም ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ አፈር መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርታችን እናውቃለን። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ግን ደለሉ በግድቡ ስለሚቀር፣ የግብፅ ዳርቻ በባሕሩ እየተበላ መሄዱን የዘመናችን ሊቃውንት ይናገራሉ።

ከከተማይቱ ፊት ለፊት ፋሮስ የምትባል ደሴት ነበረች። የበጥሊሞስ ወገን ነገሥታት ከየብስ እስከ ደሴቲቱ ድረስ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የድንጋይ መሻገሪያ ሠሩ። በዚህም ምክንያት ባሕሩ ለሁለት ተከፍሎ የምሥራቅና የምዕራብ ወደብ ሆነ። ከዘመናት ብዛት በመሻገሪያው ግራና ቀኝ አሸዋ እየተከመረ ስለ ሄደ ዛሬ ደሴቲቱ ከየብሱ ጋር አንድ ሆናለች፤ ያ ጠባብ መሻገሪያም ቤትና ገበያ የሞላበት ሰፈር ሆኗል። እንግዳ ሰው የምሥራቁን ወደብ ተከትሎ በባሕሩ ዳር በተሠራው ረዥም ጎዳና ቢሄድ የመርከቦቹንና የዓሣ ጀልባዎቹን ብዛት እያየ ወደ ጥንቷ ፋሮስ ይደርሳል።

በፋሮስ ከዓለም ሰባት ድንቅ ሥራዎች አንዱ የሆነው የመብራት ግንብ ቆሞ ነበር። ግንቡ በ280 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን ተፈጸመ፤ ስሙ ከሥራው ጋር የሚነሣው ሰውም የቅኒዶስ ሰው ሶስትራጦስ ነው። ቁመቱ ከ100 ሜትር በላይ ሲሆን የታችኛው ክፍል አራት ማዕዘን፣ መካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ የላይኛው ክብ ነበር። በጫፉ የሚነደው እሳት ሌሊት ለመርከበኞች መንገድ ያሳይ ነበር። ግንቡ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከቆመ በኋላ የምድር መንቀጥቀጥ ደጋግሞ አናጋው፤ በተለይም የ1303ና የ1323 መንቀጥቀጥ ጨርሶ ጣለው። በ1477 የግብፁ ሱልጣን ቃይትባይ በዚያው ስፍራ ምሽግ አሠራ፤ ከፍርስራሹም ድንጋይ ለምሽጉ ዋለ። ምሽጉ እስከ ዛሬ ስላለ ጎብኚ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ባሕሩን ሊያይ ይችላል። ከ1994 ጀምሮም ጠላቂዎች ከምሽጉ ሥር በባሕሩ ውስጥ ታላላቅ የግንብ ድንጋዮችንና ሐውልቶችን አግኝተዋል።

የመብራቱ ግንብ ለመርከበኞች እንዳበራ ሁሉ ቤተ መጻሕፍቱ ለሊቃውንት አብርቷል። ነገሥታቱ ሙሴዮን የሚባል የሊቃውንት ማኅበር አቋቁመው፣ ምሁራኑ ሌላ ሥራ ሳይኖራቸው እንዲመራመሩ ምግብና ደመወዝ ይሰጧቸው ነበር። ዛሬ በሒሳብ ክፍል የምንማረውን የጂኦሜትሪ ትምህርት አስተካክሎ የጻፈው ኤውክሊድ በዚህች ከተማ አስተማረ። የቤተ መጻሕፍቱ አለቃ የነበረው ኤራቶስቴንስ ደግሞ ከዚያው ሳይርቅ የምድርን ዙሪያ ለካ። ያደረገውም እንዲህ ነው። በክረምት መግቢያ፣ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ዕለት፣ በአስዋን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እስከ ጕድጓድ ውኃ ድረስ ቀጥ ብላ እንደምታበራ ሰምቶ፣ በዚያው ሰዓት በእስክንድርያ የቆመ ዘንግ ጥላ እንዳለው አየ። የጥላው ማዕዘን ከክበብ ሃምሳኛ እጅ ሆኖ ስላገኘው፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 5,000 ስታድዮን በ50 አብዝቶ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታድዮን ነው አለ። ውጤቱም ዛሬ ከሚታወቀው ከ40,000 ኪሎ ሜትር ብዙ የራቀ አይደለም። ዘንግ፣ ጥላና አእምሮ ብቻ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ማወቁ፣ መሣሪያ ስለ ጐደለን ብለን ለምንሰንፍ ተማሪዎች ታላቅ ተግሣጽ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ እንዴት ጠፋ ብለው የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። በ48 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዩልዮስ ቄሣር በወደቡ የነበሩትን መርከቦች ባቃጠለ ጊዜ እሳቱ ተዛምቶ ብዙ መጻሕፍት እንዳጠፋ ይነገራል። ከዚያም ጦርነት፣ የገንዘብ ማነስና የሃይማኖት ጠብ እያከታተሉ አዳከሙት። በ391 ሌላ መጻሕፍት የነበሩበት የሴራጲስ ቤተ መቅደስ ፈረሰ። እንግዲህ ያን ያህል ሀብት ያጠፋው የአንድ ቀን እሳት ብቻ ሳይሆን የብዙ ዘመን ቸልታም ነው። በ2002 በጥንቱ የነገሥታት ሰፈር አጠገብ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ተመርቋል። ጣራው ከባሕር እንደምትወጣ ፀሐይ ክብና ዘንበል ያለ ሲሆን፣ የንባብ አዳራሹ 2,000 ሰው ያስቀምጣል።

ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ የሚገባ ጎብኚም የሚያየው አያጣም። ሴራጲስ በነበረበት ኮረብታ ላይ ከነመሠረቱ 27 ሜትር ያህል የሚሆን የቀይ ድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ሰዎች የፖምፔዎስ ዓምድ ይሉታል እንጂ የቆመው ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። ይህም ክርስቲያኖችን ያሳደደው ንጉሥ ሲሆን፣ የግብፅ ክርስቲያኖች እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው ዘመናቸውን «ዓመተ ሰማዕታት» ብለው ይቈጥራሉ። ከዓምዱ ሳይርቅ በኮም ኤል ሹቃፋ ከዓለት የተፈለፈለ ባለ ሦስት ደርብ የመቃብር ዋሻ አለ። በ1900 አንድ አህያ መሬቱ ተደርምሶባት ስትገባ ተገኘ ይባላል። በዚያ የግብፅ፣ የግሪክና የሮም ጥበብ በአንድ ግድግዳ ላይ ተቀላቅሎ ይታያል። በኮም ኤል ዲካ ደግሞ በ1960 የተገኘው የእብነ በረድ መቀመጫ ያለው የሮማውያን ዘመን አዳራሽ ይታያል፤ በአጠገቡም የጥንት መምህራን ያስተምሩባቸው የነበሩ ክፍሎች ከነተማሪዎቹ የድንጋይ መቀመጫ ተቈፍረው ወጥተዋል። የግሪክና የሮም ዘመን ሙዚየምም ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2023 እንደገና ተከፍቷል።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስ። የእስክንድርያ ነገሥታት ለጦርነት የሚሆናቸውን ዝሆን ለማደን ሰዎቻቸውን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይልኩ ነበር፤ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ይህንኑ ያስጻፈበት ድንጋይ በአዱሊስ ወደብ ቆሞ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ በመጣ ጊዜ፣ ንጉሡ ካሌብ ጽሕፈቱ ተገልብጦ እንዲላክለት ስላዘዘ ኮስማስ ገለበጠው፤ ድንጋዩ ዛሬ ጠፍቶ ሳለ ቃሉን የምናውቀው በዚህ ሰው መጽሐፍ ነው።

ከንግዱ የሚበልጠው ግን የመጽሐፍና የእምነት ግንኙነት ነው። ዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ ቋንቋ የተመለሰው በእስክንድርያ ሲሆን፣ ይህም የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ይባላል። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጐመው ከዚሁ ነው። በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደጉት የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ በ330 ገደማ ወደ እስክንድርያ ሄደው ለዚህ አገር ጳጳስ እንዲላክለት ቢለምኑ፣ ሊቀ ጳጳሳቱ አትናቴዎስ ከአንተ የሚሻል የለም ብለው ራሳቸውን ሾመው ላኳቸው። በ356 ገደማ የአርዮስን ወገን የደገፈው የሮም ንጉሥ ቈንስጣንጥዮስ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሰው እንዲመረመሩ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ እምነት ጸንታ ኖረች።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አሳዛኝ ክፍል አለው። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ሊቀ ጳጳሳት እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ በኒቅያ ጉባኤ ስም ይዟል። ነገር ግን የ325ቱ ጉባኤ ያወጣቸው ቀኖናዎች 20 ብቻ ሲሆኑ ይህ አንቀጽ ከእነርሱ ውስጥ የለም። ከዚህም የተነሣ አንዱ ጳጳስ ሲሞት ነገሥታቱ ገጸ በረከት አስይዘው መልእክተኛ ወደ ግብፅ እየላኩ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ይጠብቁ ነበር። በዚህ መካከል ዲያቆንና ቄስ የሚሾም አይገኝም። ቅኔ የሚቀኙ፣ መጻሕፍት የሚተረጕሙ ሊቃውንት በየገዳሙ ሞልተው ሳለ እንዲህ መሆኑ፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ዓይነት ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ፤ በ1929 የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ። ከእነዚህም አንዱ በ1936 በፋሺስቶች ጥይት የተገደሉት ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። በ1951 አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳሳት፣ በ1959ም የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ።

እንግዲህ እስክንድርያ እናት ነበረች ወይስ እመቤት? በእኛ አስተያየት ሁለቱንም ነበረች። ወንጌልንና መጻሕፍትን ስትሰጠን እናት ነበረች፤ ልጅ ካደገ በኋላም በሞግዚት እንዲኖር ስትፈልግ እመቤት ሆነች። ጥፋቱን ሁሉ በእርስዋ ላይ መጫን ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ያ አንቀጽ ያን ያህል ዘመን የሠራው የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው ተብሎ ስለ ታመነ ነው። ኤራቶስቴንስ የሰማውን በዘንግ ለክቶ እንዳረጋገጠ፣ የተጻፈውንም ከምንጩ ጋር አስተያይቶ መመርመር ይገባ ነበር።

እስክንድርያ ራስዋ ወድቃ የተነሣች ከተማ ናት። በ1798 ናፖሌዎን ሲገባባት ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የቀረባት ከተማ ነበረች፤ በመሐመድ ዓሊ ዘመን ከዓባይ የመጣ ቦይ በ1820 ሲፈጸምላት እንደገና ለማች፤ በ1882 የእንግሊዝ መርከቦች በመድፍ ደበደቧት፤ ዛሬ ግን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ግንቧና መጻሕፍቷ ቢጠፉም ከዚያ የተቀዳው ዕውቀት በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ ስለ ተገለበጠ አልጠፋም፤ ከተገለበጠባቸውም ቋንቋዎች አንዱ ግዕዝ ነው። ስለዚህ ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፣ በየደብሩ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ምስጥና ቸልታ እንዳያጠፋቸው እንጠብቅ፤ ስንጠብቃቸውም በሣጥን ቈልፈን ሳይሆን እያነበብንና እየመረመርን ይሁን።