ከካዛንቺስ የወጡ ልጆችና አስማቸው፦ ቤት ሲለወጥ የሚቀረው የድህነት ጫና

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሰፈር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል አስም ያለባቸው ልጆች ያሏቸው አሉ። የዚህ መጣጥፍ ክርክር የሰፈር ድህነት የልጅን ሳንባ በሁለት በኩል ይጎዳል የሚል ነው፤ ቤቱ በያዘው አየርና ቤተሰቡ በተሸከመው ጭንቀት። መዛወር የፊተኛውን ሲያቃልል የኋለኛውን ሊያባብስ ይችላል።

አየሩን እናስቀድም፤ ነገሩ የሚጀምረው ከቤቶቹ ታሪክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አይገኝም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን ለማፍሰስ አይደፍርም። ስለዚህ የጭቃው ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ይረጥባል፣ ይሻግታል። በአንዲት ክፍል ይተኛል፣ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። አንዱን የያዘ ጉንፋን ሁሉንም ያዳርሳል፤ የልጆችን አስም በብዛት የሚቀሰቅሰው ደግሞ ጉንፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች 59 ቤቶች ውስጥ በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ከ800 ማይክሮግራም በላይ ደቃቅ ብናኝ መዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት የ24 ሰዓት ወሰን 15 ነው።

ይሁንና ጢስና ማጣት ብቻቸውን ነገሩን አያስረዱም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የጅማ ጥናት አስም በከተማው ከገጠሩ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበዛ አሳይቷል፤ የገጠሩ ጎጆ ግን ከከተማው ቤት ያነሰ ጢስም ሆነ የተሻለ ሀብት የለውም። በዚያው በጅማ የተደረጉ ተከታይ ጥናቶች በነጭ ጋዝ ማብሰልን ከአለርጂ ጋር፣ ለመንገድ ቅርብ መሆንን ከሲርሲርታ ጋር አያይዘዋል። ሁለቱም የከተማ ድሃ ዕጣዎች ናቸው፤ ካዛንቺስም በትልልቅ መንገዶች የተከበበ ሰፈር ነው።

መዛወር ምን ያህል ይረዳል ለሚለው ጥያቄ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው ከአሜሪካዋ ባልቲሞር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ጥናት ከድሃ ሰፈር የወጡ 123 አስም ያለባቸው ልጆች ሕመማቸው የሚብስበት ዕድል ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ከለውጡ ከ29 እስከ 35 በመቶ የሚሆነውን ያያያዙት ከጭንቀት መቃለል፣ ከሰፈር ደኅንነትና ከጉርብትና መጠናከር ጋር ነው።

ይህን ውጤት ወደ ካዛንቺስ እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ይመስለኛል። የባልቲሞር ቤተሰቦች በፈቃዳቸው፣ በኪራይ ድጎማና በምክር እየተረዱ ነው የሄዱት። የካዛንቺስ ሰው በአጭር ጊዜ ሲነሣ ያጣው ሻጋታውን ብቻ አይደለም፤ እድሩንና እቁቡን፣ ልጁን ሌሊት ሲያፍነው ታናናሾቹን የሚጠብቁለትን ጎረቤቶችም ነው። ክፍል ሰፍቶ እናት በሥራ ማጣትና በትራንስፖርት ወጪ ከተጨነቀች፣ መድኃኒት የሚገዛበት ብር በታክሲ ካለቀ፣ ንጹሑ አየር የሚሰጠው ጥቅም ይሸራረፋል።

ስለዚህ የሕክምናው ክትትል ከቤተሰቡ ጋር መዛወር አለበት። የልጁ ታሪክ ካዛንቺስ በሚገኝበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ቀርቶ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ እንዳይጀምር፣ ሕመም ሲነሣ ብቻ የሚወሰደው ሳልቡታሞል ደጋግሞ ለሚታመም ልጅ በቂ አለመሆኑ እንዳይዘነጋ፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው የየዕለት መከላከያ እንዳይቋረጥ ማድረግ ይገባል። መድኃኒቱን ወደ ሳንባ ለማድረስ የሚረዳው መሣሪያ ከተወደደም፣ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በሥርዓት ተበስቶና ታሽጎ እንደሚተካው እ.ኤ.አ. በ1999 በደቡብ አፍሪካ በልጆች ላይ ተፈትኖ ተረጋግጧል። የተዛወሩትን ልጆች በቂርቆስ የቀበሌ ቤቶች ከቀሩት እኩዮቻቸው ጋር ለጥቂት ክረምቶች እያነጻጸሩ መከታተልም ከአቅም በላይ አይደለም፤ ጊዜው ሳያልፍ መጀመር ያለበት ነው።