የምርምር ቤተ መጻሕፍት ትብብርና የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ተገልጋዮች

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ተማሪ ወይም ተመራማሪ የሚፈልገው ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተሟልቶ አይገኝም። ክምችቱ በተቋማት መካከል የተከፋፈለ በመሆኑ ወደ አዲስ አበባ ከመጓዝ በፊት የትኛው ጽሑፍ የት እንደሚገኝ መለየት የትራንስፖርት ወጪንና የሥራ ቀንን ይቆጥባል።

በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዛሬ ስያሜው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት በአገር ውስጥ የሚታተሙ ጽሑፎችን ቅጂ ይረከባል። ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ወይም የቆየ ጋዜጣ የሚፈልግ ተገልጋይ በቅድሚያ ይህንን ተቋም ይጠይቃል። ስለ ኢትዮጵያ በውጭ ቋንቋዎች ለተጻፉ ጥናቶች ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይመረጣል። መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መቅረብ ሁለተኛ ጉዞን ያስቀራል።

የትብብሩን ጥቅም በግልጽ የሚያሳየው የብራና መጻሕፍት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር በተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት ተቀርጸዋል። ዋናዎቹ መጻሕፍት በየባለቤቶቻቸው እጅ ሲቀሩ፣ የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ይኸው ቤተ መጻሕፍት ፊልሞቹን ወደ ዲጂታል ቀይሮ በድረ ገጹ ያቀርባል፤ ተገልጋይ ያለ ክፍያ ተመዝግቦ ካለበት ከተማ ሆኖ ማንበብ ይችላል።

በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት ከመደርደሪያ ሳይወርዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑና በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ያዛል።

በክፍያ የሚነበቡ የውጭ ሳይንሳዊ መጽሔቶች አሠራር ከዚህ ይለያል። ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ላሉ የትምህርት፣ የምርምርና የጤና ተቋማት መጽሔቶችን በነጻ ያቀርባል፤ ይሁን እንጂ የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ግለሰቡ አይደለም። በሰበታ የእንስሳት ጤናና የዓሣ ሀብት ምርምር ተቋማት አሉ። በእነዚህም ሆነ በሌሎች ተቋማት የሚሠራ ወይም የሚማር ሰው ለጽሑፍ ከኪሱ ከመክፈሉ በፊት ተቋሙ መመዝገቡን ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ቢያጣራ ይጠቀማል።

የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ለሚገኝባት ሰበታ የማራካሽ ስምምነት የተለየ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለችው ይህ ስምምነት፣ የታወቀ መጽሐፍ በብሬል ወይም በድምፅ ሲዘጋጅ የቅጂ መብት ባለቤቱን ፈቃድ መጠበቅ ሳያስፈልግ ሥልጣን የተሰጣቸው ተቋማት ቅጂውን እንዲያዘጋጁና ከሌሎች አባል አገሮች ጋር እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። አንድን የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል መገልበጥ ብዙ ወረቀትና ጊዜ ይወስዳል፤ ስለሆነም ትምህርት ቤቶችም ሆኑ ወላጆች አዲስ ከማስገልበጣቸው በፊት ቅጂው ቀድሞ በሌላ ተቋም ወይም አገር ተዘጋጅቶ እንደሆነ በቤተ መጻሕፍት በኩል መጠየቅ ይችላሉ።